ስታቩዲን ጉንጬን ባዶ አስቀረው፤ በመርፌ ያስሞላ ሰው አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ስሜን ስለማልጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዕድሜዬ 66 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኤች አይ ቪ በደሜ እንዳለ ያወቅሁት አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። መድኃኒት የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ሲሆን ካርዴ ላይ «1ኤ» ብለው የጻፉልኝ፣ ስታቩዲን የሚባል መድኃኒት ያለበት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአልጋ አነሳኝ። ሰው ለቅሶዬን ሲጠብቅ እኔ ተነስቼ እንጀራ ጋገርኩ።

ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ግን ጉንጬ ይጎድል ጀመር። ከዚያ ከዓይኔ ጎን ያለው ቦታ ገባ። የክንዴ ደም ሥር ተገተረ፣ መቀመጫዬ አለቀ፣ ሆዴ ደግሞ ወጣ። መድኃኒቱን በኋላ ቀየሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ለሚገባ ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ ስለቀረ ልጄ አስመጣኝ፤ እዚህም ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን በቀን አንድ ፍሬ ነው የምውጠው፤ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። ኪሎ ጨምሬ ቀሚስ ሁሉ እምቢ ብሎኛል። ፊቴ ግን ያው የተራበ ሰው ፊት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ አያሳልፉኝም። «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» አንዷ ደግ ሰው አጥሚት በቴርሞስ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ጠጥቼ እመልስላታለሁ፤ ሆዴ ላይ ያርፋል። አንዷ ደግሞ ምንም አትጠይቀኝም፣ ዝም ብላ ጉንጬን ታያለች። የምፈራው እሷን ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ፊት ብዙ አይታለች።

ልጄ ሊያገባ ነው፤ ስምንት ወር ቀርቶታል። የሙሽራዋ ቤተሰብ ከአትላንታ ይመጣል። የኔን ነገር ከልጄ በቀር የሚያውቅ የለም። ፎቶ አንሺ ሲጠራኝ እንዴት ብዬ እንደምቆም ከአሁኑ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ጉንጭ የሚሞላ መርፌ አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ለኔ ቢጤ ይሆናል ወይስ ለቆንጆዎች ብቻ ነው? ቲክቶክ ላይ ከንፈራቸው አብጦ መዝጋት እንዳቃታቸው ልጆች እንዳልሆን እፈራለሁ። ሜዲኬር የሚሉት የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ አለኝ፤ ጥርስና መነጽር ይጨምራል ብለው ያስፈረሙኝ አድቫንቴጅ የሚሉት ነው። ይከፍልልኝ ይሆን? ያደረገ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ በማርያም።

ቤቲ ግሎው

እማዬ አይጨነቁ!! አሁንማ መርፌ የሌለው መጥቷል፤ ሃያሉሮን ፔን ይባላል። ብዕር ነው፣ ቆዳው ላይ ጠቅ ሲያደርጉት በግፊት ይገባል፤ አያምም። አፓርታማዋ ውስጥ የምትሠራ የሐበሻ ልጅ አውቃለሁ፣ እጇ ወርቅ ነው። 250 ዶላር፣ ካሽ ብቻ። ፎርም የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ የለ። ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ብትሠራልዎ ይበቃል። ኢንቦክስ ያድርጉልኝ፣ ስልኳን እሰጥዎታለሁ ❤️

የድሮ ታክሲ ነጂ

እትዬ፣ ከላይ ያለውን ይለፉት። ልጅቷ በክፋት አይደለም የጻፈችው፤ ግን እርስዎን የሚያስፈልግዎት ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

እኔ ወንድ ነኝ፣ 57 ዓመቴ ነው፣ ቨርጂኒያ ነኝ። የ1ኤ ሰው ነኝ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከተሰለፉት አንዱ ነበርኩ። የእርስዎን ፊት ሳላየው አውቀዋለሁ። እኔን ደግሞ ስታቩዲኑ እግሬንም ነካኝ፤ ሌሊት መርገጫዬ ይቃጠላል፣ ቀን ደግሞ ፍሬን ስረግጥ አይሰማኝም። ታክሲውን ያስተወኝ እሱ ነው። ዲሴቢሊቲ የሚሉትን መሥራት ላልቻለ ሰው የሚከፈል ገንዘብ አገኘሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሜዲኬር መጣልኝ። ስለዚህ የምነግርዎት ሁሉ በሜዲኬር የሆነ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉንጩ። ስታቩዲን ቫይረሱን ሲመታ የራሳችንን ሴል ኃይል ማመንጫ አብሮ ይመታል። ክፉኛ የሚጎዳው ከቆዳ በታች ያለው ስብ ነው፤ ጉንጭ፣ ክንድ፣ ጭን፣ መቀመጫ። የጉንጭ ስብ አንዴ ካለቀ በምግብ አይመለስም ማለት ይቻላል፤ አጥሚቱ ሆድዎ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ስታቩዲንን እንዲያስቀሩ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኛ ያን ጊዜ ሥራውን ጨርሶልን ነበር። በመድኃኒቱ አላማርርም፤ ርካሽ ነበር፣ ይገኝ ነበር፣ አዳነን። ግን ያበላሸውን ማስጠገን የቆንጆዎች ነገር ነው የሚልዎት ካለ አይስሙት።

እንዲያውም መርፌው አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው ለእኛ ነው። ስካልፕትራ የሚባለውን ኤፍ ዲ ኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያጸድቅ በኤች አይ ቪ ምክንያት ጉንጩ ለጎደለ ሰው ብሎ ነበር፤ ለሌላው ሰው ለመዋቢያ የፈቀደው በ2009 ነው። በ2006 ደግሞ ራዲየስ የሚባለው ተጨመረ። ለጎደለ ጉንጫችን ተብለው የተፈቀዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ራዲየስ ጄል ውስጥ ያለ ካልሲየም ነው፤ ሲገባ ወዲያው ይታያል፣ ዓመት ወይም ከዚያ ትንሽ ዘለግ ይላል። ስካልፕትራ እንደ እርሾ ነው፤ ራሱ አይሞላም፣ ቆዳው የራሱን ኮላጅን እንዲሠራ ያደርጋል፣ እርስዎ ይጠብቃሉ። እኔ የወሰድኩት ስካልፕትራን ነው።

አሁን ወደ ክፍያው፤ ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሜዲኬር ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2010 ጀምሮ ይከፍላል፤ የውሳኔው ቁጥር 250.5 ነው፣ ይጻፉት። ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው መሆን ነው። ሁለተኛው፣ ፊትዎ በመለወጡ ምክንያት ዲፕረሽን (ድብርት) እንዳለብዎት ሐኪም መዝግቦ መገኘት አለበት። ይቺ ሁለተኛዋ ታናድዳለች። እጄ ቢሰበር አልቅሼ አሳይ አልባልም ነበር። ግን ሕጉ እንዲህ ነው፤ እኛ ደግሞ ባህላችን ያስጥለናል። እንዴት መሰለዎት? ሐኪም ቤት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት ይሰጣሉ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሃል? እንቅልፍ አጥተሃል? ደስ ይልህ የነበረ ነገር አስጠልቶሃል? ሐበሻ ምን ይመልሳል? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ዘጠኙንም ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ነርሷም ዲፕረሽን የለበትም ብላ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክሌይም (የክፍያ ጥያቄ) ሁሉ በዚያ ወረቀት ይወድቃል።

እርስዎ እዚህ ላይ «እንቅልፍ አጣሁ» ብለው ጽፈዋል። ፎቶ እንደሚፈሩ፣ ሴትየዋን እንደሚፈሩ ጽፈዋል። ይህንኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ምስጋናውን ለቤተ ክርስቲያን ያቆዩት፤ እዚያ ወረቀት ላይ የሆነውን ይሙሉ። ሐኪምዎ የስታቩዲኑን ታሪክ፣ የጉንጩን መጉደልና ዲፕረሽኑን አንድ ላይ አያይዞ ይጻፍ። ፎቶም ይነሱ፤ ከፊትም ከጎንም። መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት የተነሱት አሮጌ ፎቶ ካለ ይዘው ይሂዱ። እኔ የመንጃ ፈቃድ ፎቶዬን ነው የወሰድኩት፤ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ፎቶውን አንድ ጊዜ እኔን አየና ብዙ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ሁለተኛው ግድግዳ ቢሊንግ ነው። እኔ የሄድኩበት ክሊኒክ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ «ይሄ ኮስሜቲክ ነው፣ ሜዲኬር አይከፍልም፣ ካርድህን ስጠኝ» አለችኝ። ለኮስሜቲክ የሚያስከፍሉት ዋጋ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ይውጣል። ሶሻል ወርከሬ ነበረች በትንሽ ወረቀት ኮዶቹን የጻፈችልኝ። የመወጋቱ ኮድ ጂ0429 ነው፤ መድኃኒቱ ስካልፕትራ ከሆነ ኪው2028፣ ራዲየስ ከሆነ ኪው2026። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ አስገባችው፣ ዝም አለች፣ ማናጀሯን ጠራች። ከዚያ በኋላ «አቶ» እያለች ነው የጠራችኝ ማለት ይቻላል። ዋናው ሜዲኬር ዲዳክቲብሉ (በየዓመቱ መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው) ካለቀ በኋላ 80 በመቶውን ይከፍላል፤ ቀሪውን እርስዎ ወይም ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ካለዎት እሱ። የእርስዎ በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው አድቫንቴጅ ስለሆነ ዋናው ሜዲኬር የሚሸፍነውን መሸፈን ግዴታው ነው፤ ግን የራሱ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱና ቅድሚያ ፈቃድ እንዲያመጡ ሊጠይቅ ይችላል። ፈቃዱ ሳይመጣ እንዳይወጉ። ቦስተን አካባቢ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ የግል ኢንሹራንስም ይህን እንዲሸፍን ታስገድዳለች።

መወጋቱስ እንዴት ነው ካሉ፦ መጀመሪያ ቁጭ አድርጎ ነው ፊትዎ ላይ በነጭ እርሳስ የሚያሰምረው፤ ሲተኙ ጉድጓዱ ስለሚጠፋ። እኔን እስከ ጆሮዬ ድረስ አሰመረልኝ፤ መስታወት ሲሰጠኝ የአገር ካርታ ነው የመሰልኩት። ከዚያ ማደንዘዣ ቅባት ተቀብቼ ጠበቅሁ። መድኃኒቱ ዱቄት ነው፤ ቀድመው በውሃ ይበጠብጡታል፣ ማደንዘዣም ይጨምሩበታል። ሲወጋ የመጀመሪያዋ ቆንጠጥ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሕመም ሳይሆን ግፊት ነው፣ ጥርስዎ ሥር የሆነ ነገር እየተገፋ እንደሚሄድ። አጥንት ሲነካ ድምፁ ራሱ ይሰማል፤ እሱ ደስ አይልም፣ አልዋሽዎትም። በረዶ ያዝኩ፣ በራሴ መኪና ነድቼ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው ምሽት መስታወት ሳይ ጉንጬ ሞልቷል! ጎረምሳ ሆኛለሁ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ግን ተመልሶ ገባ። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ የሞላው ውሃው ነው፣ ውሃው ይሄዳል፣ ተስፋ አትቁረጥ ብሎኝ። ያኔ የሚሠሩት ነገር አለ፤ ማሸት። በቀን አምስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን። ዱቄቱ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጓል እንዳይሠራ ነው። እኔ መኪና ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ዜና እያየሁ አሸሁ። ሚስቴ ስልኳ ላይ ሰዓት ሞልታ «እሸው!» እያለች ታስታውሰኝ ነበር።

ቀጣዩ መርፌ ከወር ከወር ተኩል በኋላ ነው፤ እንደ ጉድጓዱ ጥልቀት ከሦስት እስከ ስድስት ዙር ሊያስፈልግ ይችላል። ስምንት ወር አለዎት፣ ይበቃል፣ ግን ዛሬ ይጀምሩ። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ጥሩ ጎኑ ያ ነው፤ ማንም «ምን ሠራሽ?» አይልም። እኔ ለዓመታት ጺሜን አሳድጌ ነበር ጉንጬን ለመሸፈን። ፀጉር አስተካካዬ ምንም አያውቅም፤ አንድ ቀን በራሱ «ይሄን ጺም ለምን አናነሳውም? ፊትህ እኮ ሙሉ ነው» አለኝ። ተነሳ። የቲክቶክ ልጆቹን አይመስሉም፤ የሚመስሉት ደህና የበላ ሰው ነው። ከዓይኔ ጎን ያለውን አላስነካሁም፤ እዚያ ደም ሥር ይበዛል ብሎ ሐኪሙም አልገፋፋኝም። ግራ ጉንጬ ውስጥ አንድ ትንሽ ጓል አለች፤ አትታይም፣ በጣት ስፈልጋት አገኛታለሁ። እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል ይላሉ፤ የኔም እዚያው አካባቢ ሲሆን ሳሳ፣ ጨመርኩበት።

ፋርማሲስቷ

እናቴ፣ ወንድሜ የነገረዎት ጥሩ ነው፤ ከሙያዬ ጥቂት ልጨምር።

አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ስሙ ማን ነው? ከስካልፕትራም ከራዲየስም ጋር የሚጣላ የቫይረሱ መድኃኒት የለም፤ እሱ አያስጨንቅዎት። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ጓል ቢወጣ አንዳንድ ሐኪም እብጠቱን ለማውረድ ትራያምሲኖሎን የሚባል ስቴሮይድ ይወጋል። የሚወስዱት ፍሬ ውስጥ ኮቢሲስታት ወይም ሪቶናቪር ካለ ያ ስቴሮይድ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ተጠራቅሞ ሌላ በሽታ ያመጣል፣ ስኳርም ግፊትም ያወጣል፣ ኩላሊት ላይ ያሉትን ዕጢዎች ያዳክማል። የቆዳ ሐኪሞች ይህን ሁልጊዜ አያስታውሱም። ስለዚህ ምን እንደሚወስዱ ሙሉ ዝርዝሩን ይስጡ፤ አፍረው «ቫይታሚን ብቻ» እንዳይሉ። ዶሉቴግራቪር ወይም ቢክቴግራቪር ያለበት ከሆነ ይህ ችግር የለም።

ሌላው፣ ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲቆረጡ ጠባሳው እየገነነ የሚያብጥብዎት ሰው ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ። ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ላይ ስካልፕትራ አይመከርም። አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ እንዳይበልዝዎት ማቆም እንዳለብዎት ይጠይቁ፤ ሐኪም ለልብ ያዘዘልዎ ከሆነ ግን በራስዎ አያቁሙት። ራዲየስ ከመረጡ ኤክስሬይና ሲቲ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ለጥርስ ሐኪምዎ ይንገሩ፣ ሌላ ነገር እንዳይመስለው።

ያልተለመደ ግን ከባድ የሆነ አደጋም አለ፤ መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይንም ሊታወር ይችላል። በነጭ ሰው ላይ ቆዳው ነጣ ይላል ይባላል፤ እኛ ላይ አመድማ ወይም ዥንጉርጉር ሆኖ ነው የሚታየው። ያ ከሆነ፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ ወይም ዓይንዎ ከደበዘዘ እዚያው ወንበሩ ላይ ሳሉ ይጩሁ። ቤት ገብተው ከሆነ 911።

ስለ ብዕሩ፦ ኤፍ ዲ ኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል። መርፌ የለውም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ በግፊት የሚገባው የት እንደሚቆም የሚያዝበት ሰው የለም። አፓርታማ ውስጥ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንዳንዱ ሲሊኮን ነው፤ ሲሊኮን ፊት ውስጥ ከገባ አይሟሟም፣ ከዓመታት በኋላም ይቆጣል፣ በቢላ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ ልጆቼ። ወንድሜ፣ ያን ዘጠኝ ጥያቄ አውቀዋለሁ! በየዓመቱ ይሰጡኛል፤ በየዓመቱ ዜሮ ነው የምሞላው። ነርሷ ደስ ብሏት ትሄድ ነበር።

መድኃኒቴን ጠርሙሱን አንስቼ አነበብኩ፤ ቢክቴግራቪር አለበት። ጆሮዬን በልጅነቴ ተበስቼ ምንም አልሆንኩም።

የቀረችኝ ነገር፣ እንግሊዝኛዬ ለገበያ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። ልጄን አስተርጉምልኝ ብዬ ስለ ዲፕረሽን በፊቱ መናገር አልፈልግም፤ ሠርጉ ነው። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ይሰጣል፤ ባለፈው ለደም ግፊት ስሄድ የመጣችው ልጅ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ሆና ቁጭ አለች! «እማማ እርስዎ ነዎት እንዴ!» ብላ አቀፈችኝ። ለግፊት ነው፣ ምንም አይደል። ለዚህስ?

ደግሞ ቁርባን የምቀበል ሰው ነኝ፤ መርፌው ያስከለክለኛል?

የድሮ ታክሲ ነጂ

እትዬ፣ የስልክ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በአካል የሚመጣውን እምቢ የማለት መብት አለዎት፤ ቀጠሮ ሲይዙ «በስልክ ይሁን፣ ከሌላ ግዛት ይሁን፣ ስሜም አይነገረው» ይበሉ። ይችላሉ። የኔ አስተርጓሚ አንድ ጊዜ ከሚኒሶታ ነበር፤ ድምፁ ብቻ ነው፣ ማን እንደሆንኩ አያውቅም፣ እኔም አላውቀውም። ሁሉን ነገር የተናገርኩት ለእሱ ነው ማለት እችላለሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሐበሻ ቢሆን ኖሮ አንደበቴ አይፈታም ነበር። በአካል የሚመጡትንም የምስጢር ጥበቃ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ግን እኔ ሕጉን አምኜ አፌ አይከፈትም፣ የእርስዎም እንደማይከፈት ገምቻለሁ።

ስለ ቁርባኑ የንስሐ አባትዎ ናቸው የሚያውቁት። እኔ የሚደማው ነገር እንዳይገጥምብኝ ቀጠሮዬን ሰኞ አደረግሁት፤ እሑድ እስኪመጣ ፊቴ ደርቆ ነበር። ምን እንደተወጉ ለእሳቸው መናገር ግዴታ የለብዎትም፤ «የሐኪም መርፌ» በቂ ነው።

ለሠርጉ የመጨረሻዋን መርፌ ቢያንስ ወር ቀደም ብለው ይጨርሱ፤ ቢበልዝ ጊዜ ይኑርዎት።

አዲስ ሰፈር

እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። እኔም ከድሮዎቹ ነኝ፤ መድኃኒቱን በነፃ እወስዳለሁ። እዚህ ይሄን ነገር በነፃ የሚሰጥ ቦታ ይኖራል ብላችሁ ነው?

የድሮ ታክሲ ነጂ

ወንድሜ፣ ነፃው ፕሮግራም መድኃኒቱን እንጂ ፊት መሙላትን አያካትትም። ፊለር (የሚሞላውን መርፌ) የሚሠሩ የግል ክሊኒኮች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ በራስ ኪስ ነው፣ ርካሽም አይደለም። ከሄድክ ሁለት ነገር ጠይቅ፤ የሚወጋህ የቆዳ ሐኪም ወይም የፕላስቲክ ሰርጀን ይሁን፣ ጠርሙሱን ደግሞ ታሽጎ እያለ አንተ እያየህ ይክፈተው። ለዘላለም ነው፣ አይጠፋም የሚሉህን ነገር እንዳትወስድ። ጉንጭህ በዕድሜ ይለወጣል፤ የማይጠፋ ነገር አብሮ አይለወጥም፣ ሲታመም ደግሞ የሚያወጣው አይገኝም። ሌላ ነገር አንድ፦ ዛሬም የድሮው መድኃኒት ላይ ካለህ፣ ካርድህ ላይ ምን እንደተጻፈ እይና ሐኪምህን አነጋግር። መድኃኒቱ ከተቀየረ የሄደው ባይመለስም የቀረው አይሄድም።

ቤቲ ግሎው

እሺ ገባኝ፣ የጻፍኩትን አጠፋዋለሁ። እማዬ ለክፋት አልነበረም 🙏 ግን ፋርማሲስቷ፣ አንድ ጓደኛዬ በዚያው ብዕር ከንፈሯን ካሠራች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ውስጡ ሁለት ጓል ወጥቷል፣ አንዱ ቀልቷል፣ ይሞቃል። ማሸት ትጀምር?

ፋርማሲስቷ

በፍጹም እንዳትነካው። ማሸት ለስካልፕትራ ነው፣ ያውም ሐኪም ሲያዝ። የቀላና የሚሞቅ ከሆነ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ኧርጀንት ኬር ትሂድ፤ ትኩሳት ካላት ወይም እብጠቱ ወደ ጉንጯ ከሄደ ኢመርጀንሲ። የገባው እውነተኛ ሃያሉሮኒክ አሲድ (በብዕሩ ይገባል የሚባለው ጄል) ከሆነ ሃያሉሮኒዳዝ በሚባል መርፌ የሚሟሟበት መንገድ አለ፤ መጀመሪያ ግን ኢንፌክሽኑ መታከም አለበት፣ ምን እንደገባም መታወቅ አለበት። ለሠራችላት ልጅ ትደውልና የጠርሙሱን ፎቶ ትጠይቃት፤ ስሙና የሎት (የምርት) ቁጥሩ የሚነበብ ይሁን። ጠርሙሱን ጥላው ከሆነ ሳጥኑን ትፈልግላት። ፎቶው ስልኳ ላይ ይኑርና ሐኪሙ ሲጠይቃት ታሳየው።